ከዶሮ ማነቂያ እስከ ቶሌዶ

«ደግሞ ዛሬ የቱ ንጉሥ ሞተ?»

ምሳ ሰዓት ላይ መጽሐፍ ገልጬ ሲያዩኝ የሥራ ባልደረቦቼ የሚጠይቁኝ ይህን ነው። የንግድ ሥራ አስተዳደር ተምራ ማርኬቲንግ ክፍል የምትሠራ ሴት፣ ስለ አውሮፓ መካከለኛ ዘመን ምን አገባት? ከእኔ የሚጠበቀው ስለ ሸማች ባሕርይ፣ ስለ ሽያጭ ጥበብ፣ ቢበዛ ደግሞ «በሠላሳ ቀን ሕይወትዎን ይለውጡ» የሚል መጽሐፍ ማንበብ ነው። እኔ ግን ስለ ጦር ፈረሰኞች፣ ስለ መነኮሳት፣ ስለ ወረርሽኝና ስለ ቀረጥ ሳነብ ምሳዬ ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ በበኩሉ ነገሩን የሚተምነው በቦታ ነው። «ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፤ ቤተ መንግሥት አይደለም» ይላል፤ ሁለተኛው መደርደሪያ ሳሎን የገባ ቀን ሦስት ጊዜ ብሎታል።

እውነቱን ለመናገር ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ሙያዬ ነው። በዓለም ላይ ከተሠሩት የማስታወቂያ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ የቱ ነው ብትሉኝ መልሴ የለስላሳ መጠጥ ወይም የስልክ ኩባንያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1165 አካባቢ በአውሮፓ መዞር የጀመረ አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የተላከው «ቄሱ ዮሐንስ» ከሚባል ክርስቲያን ንጉሥ ለቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ለማኑኤል እንደሆነ ይናገራል። ሰባ ሁለት ነገሥታት ይገብሩልኛል፣ በአገሬ ድሃ የለም፣ ሽማግሌን ወጣት የሚያደርግ ምንጭ አለኝ፣ ወዘተ። ደብዳቤው ፈጠራ ነበር፤ የጻፈው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ነገር ግን በእጅ እየተገለበጠ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተተረጎመ ለመቶ ዓመታት ተነበበ። ነገሥታትና ጳጳሳት ይህን ሰው ፍለጋ መልእክተኛ ላኩ። መጀመሪያ የፈለጉት በእስያ ነበር። እዚያ ሲያጡት፣ ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጣታቸውን ወደ እኛ ቀሰሩ። የኢትዮጵያ ንጉሥ ሳይጠየቅ፣ ሳይፈርም፣ የሌላ ሰው ብራንድ አምባሳደር ሆኖ አረፈው።

የእኛዎቹ ሰዎች ስሙን አልወደዱትም። እ.ኤ.አ. በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ሲገኙ፣ ጳጳሳቱ ንጉሣቸውን «ቄሱ ዮሐንስ» እያሉ ይጠሩባቸዋል። መነኮሳቱ ግራ ተጋቡ። ንጉሣችን ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ እናንተ የምትሉት ስም ከስሞቹ አንዱም አይደለም ብለው አስረዱ። ሰሚ ግን አልነበረም። ደንበኛ አንዴ በአእምሮው የሣለውን ምስል ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ቢያስተካክለው እንደማይለውጥ እኔ በሥራዬ በየሳምንቱ አየዋለሁ። የእነዚያ መነኮሳት ምስል፣ ፊላሬቴ የሚባለው ቀራጺ እ.ኤ.አ. በ1445 በጨረሰው በሮማው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ ዛሬም አለ።

ደግሞ የእኛ ሰዎች ዝም ብለው የሚፈለጉ ብቻ አልነበሩም፤ ፈላጊም ነበሩ። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1402 አንቶኒዮ ባርቶሊ በሚባል የፍሎረንስ ሰው እየተመሩ ቬኒስ ገብተዋል፤ ለስጦታ ካመጡት መካከል በሕይወት ያሉ ነብሮች ነበሩበት። ያን ጊዜ ፖርቱጋሎች ገና ወደ ቀይ ባሕር አልደረሱም፤ ኮሎምበስም አልተወለደም። ቬሬና ክሬብስ የምትባል የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመችው መጽሐፍ ነገሥታቶቻችን ወደ አውሮፓ የላኩት፣ በተለምዶ እንደሚባለው ወታደርና መሣሪያ ለመለመን ሳይሆን፣ ለሚያሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት የእጅ ባለሙያና ንዋያተ ቅድሳት ፍለጋ እንደሆነ ትከራከራለች። መጽሐፉን ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ ለልደቴ ላከችልኝ። ዋጋውን ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ እኔም ከኢንተርኔት አይቼ ዝም አልኩ።

እንግዲህ «የአውሮፓ መካከለኛ ዘመን ምንሽ ነው?» ለሚሉኝ አንዱ መልስ ይህ ነው። ሁለተኛው መልስ የመጣው ከዶሮ ማነቂያ ነው፤ ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁትም ስለ እሱ ነው። መጀመሪያ ግን መጻሕፍቱ ከየት እንደሚመጡ ልንገራችሁ።

እንዲህ ያሉ መጻሕፍት አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሆነው ሲሸጡ አይታዩም ማለት ይቻላል። ለሃያ ሰው ብሎ ማን ያስመጣል? የሚገኙት በሁለተኛ እጅ ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ ካፌ በረንዳ ላይ የምትቀመጡ ሰዎች አዟሪዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ከክንዳቸው እስከ አገጫቸው ድረስ መጽሐፍ ቆልለው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞሩት። ክምሩ ላይ ከላይ ያለው ሁልጊዜ የሰሞኑ ልብ ወለድና የፖለቲካ ትዝታ ነው። የእኔ ዓይነቱ ከታች ነው፤ ወይም ቤት ነው። እኔን የሚያውቁኝ ሦስት አዟሪዎች አሉ። አንደኛው፣ በዕድሜ የሚበልጠኝና ጋሼ የምለው፣ ሩቅ ሆኖ ሲያየኝ «የፈረንጅ ነገሥታት እመቤት! አንድ አለኝ» ብሎ ይጮሃል። አንዳንዴ ያለው ስለ ናፖሊዮን ይሆናል። ናፖሊዮን የእኔ ዘመን እንዳልሆነ ላስረዳው ብዙ ደክሜአለሁ። «ንጉሥ ነው፣ ሞቷል፣ ፈረንጅ ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

አዟሪዎቹ ደግሞ የሚያገኙት ከቤት ነው። ፒያሳ ለዚህ የታደለ ሰፈር ነበር። አራዳ ጊዮርጊስን ተደግፎ ያደገው የድሮ ገበያ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ጣሊያኑና ሕንዱ ከአበሻው ጋር ግድግዳ ተካፍሎ የኖረበት ሰፈር ነው። ስሙ ራሱ የጣሊያን ነው። ሊሴ የተማረ አለ፣ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ያስተማረ አለ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ዕድሜውን የፈጀ አለ። በደርግ ዘመን የውጭ ዜጎቹ ሲሄዱ ዕቃቸው ቀረ፤ መጽሐፋቸውም አብሮ ቀረ። ስለዚህ በአንድ ካርቶን ውስጥ የፈረንሳይኛ የመስቀል ጦርነት ታሪክ፣ የጣሊያንኛ የዳንቴ ማብራሪያና የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የታሪክ መጽሐፍ ጎን ለጎን ቢገኙ የሚያስደንቅ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ አሮጌው ሰፈር ሲነሳ ሁላችሁም አይታችኋል። ስለ ልማቱ የሚጻፈው ተጽፏል፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ልጄም አሁን ስኬት የምትማረው እዚያ ነው። እኔ ያየሁት ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ በእነዚያ ሳምንታት የአዟሪዎቹ ክምር ድንገት ሰማይ ደረሰ። ከዚያ ደግሞ ድንገት ጠፋ። የሃምሳና የስልሳ ዓመት ኑሮ በጥቂት ቀናት ሲታሰር፣ ፍሪጁና አልጋው ቀድሞ መኪና ላይ ይወጣል። መጽሐፍ ከባድ ነው፣ አቧራ ነው፣ አዲሱ ቤት ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው።

የጓደኛዬ አክስት ቤት እንዲህ ከሚነሱት አንዱ ነበር። ጓደኛዬ ደወለችና «አጎቴ የተዋቸው መጻሕፍት አሉ፣ እማማ ለልዋጭ ልትሰጣቸው ነው፣ ቶሎ ነይ» አለችኝ። ባለቤቷ ዕድሜያቸውን ሁሉ ታሪክና ጂኦግራፊ ያስተማሩ መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ስደርስ ሁለት ኩንታል ያህል ተሽጧል። በኪሎ። ሱቅ ውስጥ በርበሬና ስኳር የሚጠቀለልበት ወረቀት ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል?

እማማን እንዳትፈርዱባቸው። «ልጄ፣ እሱ ከሄደ በኋላ ማን ያነበዋል ብዬ ነው። ልጆቹ ሁሉም ውጭ ናቸው። በስልክ ስጠይቃቸው ‹አሁን ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ› አሉኝ» አሉ። የተረፉት ሰባት ካርቶኖች ነበሩ። ቡና አፈሉልኝና መሬት ላይ ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ።

የታደሰ ታምራት «ቸርች ኤንድ ስቴት ኢን ኢትዮጵያ» ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ኦክስፎርድ የታተመው፣ ከ1270 እስከ 1527 ያለውን ዘመን የሚተርከው። ይህን መጽሐፍ ያላነበበ ሰው ስለ መካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ሲከራከር ብሰማው አልከራከረውም፤ ቡናዬን እጠጣለሁ። በዚያው ዓመት እዚሁ አዲስ አበባ የታተመው የሥርግው ሀብለ ሥላሴ የእንግሊዝኛ መጽሐፍም አለ፤ እሱ እስከ 1270 ያለውን ይዞ ለታደሰ ያስረክባል። ከሥሩ አንድ ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ወፍራም መጽሐፍ ወጣ። ልቤ ቀጥ አለ። የአባ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጉዞ ማስታወሻ፣ ቤኪንግሃምና ሃንቲንግፎርድ አዘጋጅተውት የለንደኑ ሃክሉት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1961 በሁለት ቅጽ ያሳተመው። የመጀመሪያው ቅጽ።

አልቫሬዝን ለማታውቁት፦ እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በምጽዋ በኩል የገባ ቄስ ነው። ስድስት ዓመት ኖሮ ያየውን ሁሉ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1540 ታተመ። ያ የወርቅ ከተማ ያለው ቄሱ ዮሐንስ እየጠበቁ የመጡት ሰዎች ያገኙት፣ በድንኳን ከተማ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወረውን ወጣቱን ዐፄ ልብነ ድንግልን ነው። እኔን የሚገርመኝ አልቫሬዝ አለመበሳጨቱ ነው። እንደ ጥሩ ገበያ አጥኚ የጠበቀውን ትቶ ያየውን ይመዘግባል፦ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት፣ የአንበጣውን መንጋ፣ የሙግቱን ሥርዓት። ላሊበላን ሲገልጽ የሚያምነው ሰው እንዳያጣ ይሰጋል። ከእሱ በፊት የመጣ ፔሮ ዳ ኮቪላ የሚባል ፖርቱጋላዊም ያገኛሉ፤ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት በሰላይነት ተልኮ፣ ከገባ በኋላ ውጣ ስላልተባለ፣ ርስት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ የቀረ። በእኛ ቤት የባለቤቴ ተወዳጅ ሰው እሱ ነው። «አየሽ፣ መጽሐፍ ሳይሰበስብ በሰላም የኖረ» ይላል።

የካርቶኖቹ ትልቁ ነገር ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። የፊት ሽፋኑና የርዕስ ገጹ የተቀደደ፣ ስለ ጥንታዊቷ ስፔን የሚናገር ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ማን እንደጻፈው እንኳ አይታወቅም። ለልዋጭ ከተተዉት መካከል መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነበር። ገለጥ ሳደርገው ዳሩ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቅ የመምህር ጽሑፍ፣ «ደቅስዮስ?» የሚል አየሁ። ከሥሩ «22 = 18»። ከዚያ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት «ጥልጥልያ»።

ሦስት ቀን አሰበኝ። ደቅስዮስን አያቴ ታውቀዋለች፤ ተአምረ ማርያም ሲነበብ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ለእመቤታችን ክብር የጻፈ፣ እርሷም በምላሹ ልብስና መንበር የሰጠችው፣ ያን መንበር የደፈረው ሌላ ጳጳስ የተቀጣበት፣ የመጀመሪያው ተአምር ባለቤት። የጥልጥልያ ኤጲስ ቆጶስ ነው ይላል መጽሐፉ። ጥልጥልያ የት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ከኢየሩሳሌም ወዲያ፣ ከሮም ወዲህ ያለ የቅዱሳን አገር ይመስለኝ ነበር። የመምህሩ እርሳስ የጠቆመው ገጽ ግን የሚያወራው ስለ ቶሌዶ ነው፤ ስለ ስፔኗ ቶሌዶ። በ7ኛው መቶ ዘመን በዚያች ከተማ ኢልዴፎንሶ የሚባል ሊቀ ጳጳስ ነበር። ስለ ድንግል ማርያም ድንግልና መጽሐፍ ጻፈ። በአገሩ ትውፊት እመቤታችን ተገልጣ ልብስ ሰጠችው፤ ከእሱ በኋላ የደፈረው ሰው ተቀጣ። ቶሌዶ ጥልጥልያ ናት፤ ኢልዴፎንሶም የእኛው ደቅስዮስ ነው።

«22 = 18» ደግሞ ይህ ነው። ኢልዴፎንሶ ሊቀ ጳጳስ ከመሆኑ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ656 በቶሌዶ የተሰበሰበ ጉባኤ፣ የብሥራት በዓል በመጋቢት ሲውል ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚጋጭ በዲሴምበር 18 እንዲከበር ወሰነ። በእኛስ? ደቅስዮስ በዚያው ምክንያት በዓለ ብሥራትን ያከበረበት ቀን ተብሎ የሚታሰበው ታኅሣሥ 22 ነው። እስቲ በጣታችሁ ቁጠሩ። የልደት በዓል በእኛ ታኅሣሥ 29፣ በእነርሱ ዲሴምበር 25 ነው። ከሁለቱም ላይ ሰባት ቀን ቀንሱ። በእኛ 22፣ በእነርሱ 18።

እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ልጄን ከእንቅልፏ ልቀሰቅሳት ምንም አልቀረኝም ነበር። አንድ የስፔን ጉባኤ የወሰነው ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይዛነፍ፣ ከሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ተሻግሮ አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ የምትሄድበት ቀን ሆኖ ቁጭ ብሏል።

መንገዱን ሊቃውንቱ አጥንተውታል። በ12ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይና በአካባቢዋ የማርያም ተአምራት ታሪኮች በየገዳማቱ ይሰበሰቡ ነበር። ስብስቡ ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ ወደ ዐረብኛ ተተረጎመ፤ ከዐረብኛው ደግሞ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ ተመለሰ። አዎ፣ ወደ ቬኒስ መልእክተኛ በላኩት በዚያው ዳዊት ዘመን። ከዚያ በኋላ የእኛ ሊቃውንት የራሳችንን አገር ተአምራት እየጨመሩበት መጽሐፉ አደገ። ስለ አውሮፓ ምንጮቹ ትልቁን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1943 ሮም ላይ ያሳተመው ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው። ቼሩሊ በወረራው ዘመን በኢጣሊያ ቅኝ አስተዳደር ውስጥ ከፍተኛ ሹም የነበረ ሰው መሆኑን ሳስበው ደስ አይለኝም፤ ጥናቱ ግን ጥናት ነው። አንዳንድ ዘመዶቼ ይህን ስነግራቸው «ሃይማኖታችንን የፈረንጅ ልታደርጊው ነው?» ብለው ተቆጥተዋል። በእኔ አስተያየት ነገሩ ተቃራኒው ነው። አባቶቻችን ከዓለም ጫፍ የመጣውን ሰምተው፣ መርምረው፣ ወደ ቋንቋቸው አምጥተው የራሳቸው ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። በዋሻ ተዘግተው የኖሩ አድርጎ መናገር እነሱን ማሳነስ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ። «ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» ያሉት ልጆች ውሸታቸውን አይደለም። የታደሰ ታምራት መጽሐፍ ቅጂ ሌላ ቦታ ይገኛል። አልቫሬዝም ይገኛል። የአባታቸው እርሳስ ግን የትም የለም። አንድ የፒያሳ መምህር፣ ማንም ሳያዘው፣ ለማንም ሳያሳትም፣ ከስፔን መጽሐፍ ዳር ላይ ከግዕዙ ጋር ሲያመሳክር ያሳለፈው ምሽት የቀረው በዚያ አንድ ቅጂ ላይ ብቻ ነው። በተሸጡት ሁለት ኩንታሎች ውስጥ ምን ምን ተጽፎ እንደነበር አስቤ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ። ለልጆቹ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው። ታላቅየው ከካናዳ ደወለ፤ መጀመሪያ ስለ ደቅስዮስ ጠየቀኝ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ ከዚያ «ማታ ማታ መብራት አጥፉ ሲለን፣ እሱ ምን ይሠራ እንደነበር አናውቅም ነበር» አለ።

ስለዚህ የእናትና የአባት ቤት የምታስለቅቁ፣ ወይም ወላጆቻችሁን ወደ አዲስ ሰፈር የምታዛውሩ ሁሉ፣ ልዋጩን ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ስጡት። የመጽሐፉን ርዕስ ብቻ አትዩ፤ ገጹን አገላብጡ። ውስጡ ደብዳቤ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ ፎቶግራፍ፣ የተጫነ አበባ ይገኛል፤ እኔ የ1960ዎቹ የሎተሪ ቲኬት አግኝቻለሁ፣ አልወጣም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈ መታሰቢያ ያለበትን ለይታችሁ አስቀምጡ። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበት ከሆነ ለባለቤቱ ይመለስ፤ እኔ ማኅተም ያለበት መጽሐፍ አልገዛም፣ አዟሪዎቼም ስለሚያውቁ አያመጡልኝም። የብራና መጽሐፍ ከተገኘ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚባል ሕግ አለ፤ ብራና ደጃፍ ላይ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። «ጥሩ ዋጋ የሚሰጥ ሰው አውቃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበትና ወመዘክርን ወይም ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጠይቁ።

ማስቀመጡ ብዙ አያስወጣም። የአዲስ አበባ ክረምት የመጽሐፍ ጠላት ነው፤ መደርደሪያውን ከግድግዳው ጣት ያህል አርቁት፣ ካርቶኑን መሬት ላይ አታሳርፉት። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አትለጥፉ፤ በዓመቱ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይዞ ይነሳል። ቦታ የሌላችሁ ደግሞ ባለቤቴ የቀየሰውን መንገድ ተከተሉ። እኛ ቤት አሁን ሕጉ «አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል» ነው። የሚወጣው ለአብርሆት ወይም ለልጄ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ይህ ሕግ ናፖሊዮንን አራት ጊዜ አስወጥቷል።

ለመጀመር የምትፈልጉ ሰዎች ከአልቫሬዝ አትጀምሩ፤ ከባድ ነው። ልብ ወለድ የምትወዱ የኡምቤርቶ ኤኮን «ባውዶሊኖ» ፈልጉ፤ እንደ ልብ ወለዱ ያንን የቄሱ ዮሐንስን ደብዳቤ ያቀነባበሩት ባውዶሊኖና ጓደኞቹ ናቸው፣ በጣምም ያስቃል። ታሪክ ካላችሁ የባርባራ ተክማን «ኤ ዲስታንት ሚረር»፤ ስለ 14ኛው መቶ ዘመን ወረርሽኝና ጦርነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ስለሆነ አዟሪዎቹ ጋ አልፎ አልፎ ይገኛል። ካገኛችሁት በኋላ ታደሰ ታምራትን ያዙ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ፣ እነሱ ያን ጊዜ እንዲህ ሲሆኑ እኛ ምን እያደረግን ነበር እያሉ፣ እኔ የማውቀው ምርጡ የክረምት መዝናኛ ነው።

እማማ አሁን አዲሱ ቤታቸው ገብተዋል። የስፔኑን መጽሐፍ እኔ ጋ እንዲቆይ ብፈልግም ልጁ በክረምት ሲመጣ ሊወስደው ስለሆነ፣ ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ። ታደሰ ታምራትንና ሥርግውን ግን «አንቺ አንብቢው» ብለው ሰጥተውኛል። ሰማያዊው የአልቫሬዝ መጽሐፍም እኔ ጋ ነው፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ መምህሩ በእርሳስ «ቅጽ 2፣ ገጽ 400 እና ቀጥሎ ያለውን እይ» ብለው ጽፈዋል።

ቅጽ 2 ከተሸጡት ኩንታሎች ውስጥ ነበር። ሻጩን ሁለት ጊዜ መርካቶ ድረስ ሄጄ ጠይቄዋለሁ፤ «ወፍራም ሰማያዊ? ሽፋኑ ጥሩ ስለነበር ለይቼ ለአንድ አዟሪ የሰጠሁት ይመስለኛል» አለኝ። ስለዚህ አለ ማለት ነው። ሽፋኑ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ፊት ለፊቱ ላይ በወርቃማ ቀለም የታተመ መርከብ አለበት። ውስጡ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ አማርኛ የተጻፈበት ካያችሁ፣ ለጋሼ ንገሩልኝ። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አይጠፋም።